ቤቱስ ተያዥ አለው?

ደሴ ላይ ለአሠሪዎች፣ ለቤት ሠራተኞችና ለተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብለሽ የመጣሽም አለሽ፤ አውቃለሁ። አንቺን እንዳላስቆይሽ በሰዓቱ እጨርሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ማስታወቂያ ላንብብላችሁ። ቴሌግራም ላይ ነው ያየሁት። ስሟንና የደላላውን ስልክ ትቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ሴት። 19 ዓመት። ከወረኢሉ የመጣች። አዳሪ። ምግብ ትችላለች፣ ልጅ ትይዛለች። ፀባየ ሸጋ። ተያዥ አላት። ቶሎ ይደውሉ።»

ከጽሑፉ በላይ ፎቶዋ አለ። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራለች። ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብላ ቆማለች። ያንን ፎቶ የማታውቀው ስንትና ስንት ሰው አይቶታል። ባለፈው ሳምንት ተመልሼ አየሁት። ሥራ ከገባች ቆይታለች፤ ፎቶው ግን አልወረደም።

አሁን ደግሞ የቤቱን ማስታወቂያ ላንብብላችሁ። የለም። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አልተጻፈም። የት እንደምትተኛ አልተጻፈም። ከእሷ በፊት ስንት ሠራተኛ ወጣች? ለምን ወጣች? ደሞዝ በቀኑ ይከፈላል? ስለዚህ ሁሉ አንድም ቃል የለም። ስለ እሷ እስከ ፀባይዋ ድረስ እናውቃለን። ስለ ቤቱ የምናውቀው የለም።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ከእሷ ተያዥ እንጠይቃለን። ቤቱስ ተያዥ አለው?

እኔ ደሴ የገባሁት በ12 ዓመቴ ነው። ከኩታበር ገጠር፣ «ትማር» ተብዬ፣ ዘመድ ቤት። ተምሬያለሁ፤ ውለታቸውን አልክድም። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ውሃ መቅዳት፣ ሕፃኑን ማዘል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዕቃ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። የምተኛው ማድ ቤት ነበር፣ ምጣዱ አጠገብ። እንጀራ በተጋገረ ቀን ይሞቃል፤ ብርዱን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት በሩን ነው። የማድ ቤቱ በር የሚዘጋው ከውጭ ብቻ ነበር። ከውስጥ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ማንም ክፉ ነገር አላደረሰብኝም። ግን አራት ዓመት ሙሉ፣ ሌሊት ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነቃ ነበር።

ጎረቤት ሲጠይቅ «እንደ ልጄ ናት» ይባል ነበር። ይህችን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን። ብዙ ሰው ከልቡ ነው የሚላት። ግን ደሞዝ ሲነሳ ልጅ ትሆናለች፣ እራት ሲቀርብ ሠራተኛ። ሠራተኛ ብሎ መጥራት ነውር የለውም። ሠራተኛ ከሆነች ሰዓት አላት፣ ደሞዝ አላት፣ ዕረፍት አላት። እኔ ልጅ ከመባል ያንን እመርጥ ነበር።

ደግሞ የምንኖርባትን ከተማ አስቧት። አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ ያላት ከተማ ናት። በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የተሠራ የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ማንንም አይጠየፍም። ያን ስም እያነሳን እንኮራለን። ማታ ግን ምግቡን የሠራችው ልጅ ትርፉን ማድ ቤት ቁጭ ብላ ትበላለች።

ወደ ስልኩ ልመለስ። «ጊግ ኢኮኖሚ» የሚባለው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ አዲስ ሊመስል ይችላል። ቃሉ አዲስ ነው እንጂ ሥራውን የደሴ ሴቶች ድሮም ያውቁታል። ሰኞ እዚህ ቤት እንጀራ የምትጋግር፣ ረቡዕ እዚያ ቤት ልብስ የምታጥብ፣ ቅዳሜ ሌላ ቤት ድግስ የምታግዝ ሴት አለች። ተመላላሽ እንላታለን። አንድ ቋሚ አሠሪ የላትም። ከሠራች ታገኛለች፣ ከታመመች ታጣለች። አዲሱ ነገር መሃል ላይ የገባው ነው። ድሮ ደላላው ነበር። አሁን መተግበሪያው ነው፣ የቴሌግራም ቻናሉ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሠሩ መተግበሪያዎች ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጉዳይኦን የሚባለው አንዱ ነው። ወደ እኛም እየመጣ ነው፤ ስልኩ ቀድሞ ገብቷል።

መተግበሪያ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ጥሩ ከተሠራ ደላላው ያላደረገውን ያደርጋል። ዋጋው ተጽፎ ይታያል። ክፍያው በቴሌብር ከገባ ማስረጃ አለው፤ «ከፍያታለሁ»፣ «አልከፈለችኝም» የሚባል ክርክር ያበቃል። ተመላላሿ ማታ ወደ ቤቷ ትገባለች። አዳሪዋ ግን ሌሊትም ልጁ ካለቀሰ ሥራ ላይ ናት።

ችግሩ መተግበሪያው የደላላውን ዓይን መውረሱ ነው። የሚያየው ወደ እሷ ብቻ ነው። መታወቂያዋን ይወስዳል፣ ፎቶዋን ይወስዳል፣ ተያዥ ያስጠራታል። ሥራዋን ስትጨርስ ኮከብ ይሰጣታል። ሁለት ጊዜ ዝቅተኛ ኮከብ ካገኘች ስልኳ ይጠፋባታል፤ ማለቴ ሥራ መምጣቱ ይቆማል። ለምን እንደቆመ የሚነግራት ሰው የለም። የምትደውልበት ቁጥር ካለም አይነሳም። ምናልባት ኮከቡ ዝቅ ያለው ባልየው ያለውን እምቢ ስላለች ይሆናል። ይህን የሚጠይቃት ማነው?

መንገዱም አለ። ከሙጋድ ተነስታ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሄዳ ሁለት ሰዓት ብታጸዳ፣ የባጃጁ ከኪሷ ነው። መንገድ ላይ የጠፋው ጊዜ አይቆጠርም። ደርሳ «ዛሬ አንፈልግም፣ እንግዳ መጣ» ቢሏትም የባጃጁን የሚመልስላት የለም። መስኮት ስታጸዳ ብትወድቅ ደግሞ ቤቱ «መተግበሪያው ነው የላካት» ይላል። መተግበሪያው «እኔ አገናኝ ነኝ እንጂ አሠሪ አይደለሁም» ይላል። እሷ መሬት ላይ ናት።

እኔ በዚህ ላይ አቋም አለኝ። ዋጋ የሚተምነው እሱ ከሆነ፣ ማን የት እንደሚሄድ የሚመድበው እሱ ከሆነ፣ ኮሚሽን የሚቆርጠውና የሚቀጣው እሱ ከሆነ፣ አገናኝ ብቻ ነኝ ማለት አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት በጥቅምት 2017 ያወጣው መመሪያ ወደዚህ ያደላል። የቁጥጥር ምልክት ካለ ሰውየው ተቀጣሪ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ኩባንያ ራሱ ያስረዳል። የሠራተኛን አካውንት መዝጋትም ለማሽን ብቻ አይተውም፤ የሚወስነው ሰው መሆን አለበት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ሰኔ 2017 ጄኔቫ ባደረገው ጉባኤ፣ ስለ መተግበሪያ ሥራ አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወስኗል።

የእኛስ ሕግ? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ከእሱ በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅም፣ ከዚያ በፊት የነበረው የ1985ቱም እንደዚሁ ነበር። ሦስቱም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለዚህ ሥራ ደንብ ያወጣል ብለው ያስተላልፉታል። ያ ደንብ እስከ ዛሬ አልወጣም። በ1985 የተወለደች ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። እሷ ስትጠብቅ አድጋ፣ አሁን ልጇ እየጠበቀች ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች አውቃለሁ። ታላቂቱ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ በኋላ ፋብሪካ ገባች። ታናሺቱ ሰው ቤት ተመላላሽ ናት። ጠዋት አብረው ይወጣሉ። ለታላቂቱ ሕጉ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ገድቦላታል። በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አላት። ብትወልድ 120 ቀን ታርፋለች፣ ደሞዟ ሳይቋረጥ። ታናሺቱ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመለስ ታላቂቱ ራት ሠርታ ትጠብቃታለች። ባለፈው ክረምት ታናሺቱ እጇን ዘይት አቃጠላት። አንድ ሳምንት ቀረች። የዚያ ሳምንት ተቆረጠባት፤ ቁጣም ተጨመረበት። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንድ ፍራሽ ላይ የሚተኙ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ የሄዱበት በር ነው።

ለታናሺቱ የቀራት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አሠሪው ቤት ለምትኖር ሠራተኛ ጤንነትና ዕረፍት እንዲታሰብ፣ ስትታመም እንድትታከም ይላል። ጥሩ ነው። ግን ለተመላላሽ፣ በስልክ ለምትላክ ሴት ታስቦ የተጻፈ አይደለም።

አሁን ወደ ዓረብ ሀገር ላሻግራችሁ። ወሎ ውስጥ ይህን ሳያነሱ ስለ ቤት ሠራተኛ ማውራት አይቻልም። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከሐርቡ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ ልጅ ያልሄደበት ሰፈር የለም። ኅዳር 2006 ከሳውዲ መመለስ ሲጀመር፣ በወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ነው የገባው። ፌስታል ይዘው የወረዱትን እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላ አገራችን በ2008 የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ አወጣች፤ ቁጥር 923። ልጅቷ 18 ዓመት ይሙላት፣ የተጻፈ ውል ይኑራት፣ ውሉን መንግሥት ይየው፣ የቪዛና የትኬት ወጪውን አሠሪው ይቻል አለች። ከዮርዳኖስ፣ ከኳታርና ከሳውዲ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ይሄ ትክክል ነው። ሁሉም ተፈጽሟል ማለቴ አይደለም፤ መጠየቁ ግን ትክክል ነው።

ታዲያ እዚህ ጋ ቆም ብዬ አስባለሁ። ከሪያድ ማዳም የተጻፈ ውል ጠየቅን። ከደሴ እትዬ ግን አልጠየቅንም። ያችው ልጅ፣ ያንኑ ወለል ስትወለውል፣ ባሕር ስትሻገር ውል ያስፈልጋታል፤ እዚህ ጦሳ ተራራ ሥር ስትሆን አያስፈልጋትም። ይህንን እንዴት እናስረዳታለን?

በሰዓት የሚሠራውን ሥራም እህቶቻችን እዚያ ቀድመው ቀምሰውታል። ከማዳም ቤት ጠፍተው ወጥተው በሰዓት የሚሠሩ አሉ፤ «ፍሪላንስ» ይባላሉ። ገንዘቡ ይሻላል ይላሉ። ግን ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ በከፊሉ በአስመጪ አሠሪዋ እጅ ነው። አንድ ቤት ሠርታ አልከፍልም ቢሏት የት ትከሳለች? ነፃ የመሰለው ሥራ ከበስተጀርባው የሚይዘው ከሌለ ነፃ አይደለም። ከሪያድ የተመለሰች አንዲት እህት የነገረችኝ ነው ይሄ፤ ቃሉ የእሷ ነው።

ሕግ ተቀይሮ ያውቃል ወይ? አዎ፣ ያውቃል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማሪያ ማህላንጉ የምትባል ሴት ነበረች። ፕሪቶሪያ አንድ ቤት ውስጥ 22 ዓመት ሠርታለች። ዓይኗ በደንብ አያይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ላይ እያለች አሠሪዎቿ ግቢ ያለው መዋኛ ውስጥ ወድቃ ሞተች። ልጇ ካሣ ጠየቀች። የሥራ ጉዳት ሕጉ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም ተባለች። አልተወችም። ክርክሩ እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ፍርድ ቤቱ የቤት ሠራተኛን ማግለሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። አንዲት ልጅ የእናቷን ነገር አልተውም ስላለች፣ የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ሁሉ በካሣ ሕጉ ተሸፈኑ።

በዓለም 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኛ አለ ይላል የዓለም ሥራ ድርጅት። ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ከ10 ስምንቱ በተግባር የሚሠራ የሕግና የማኅበራዊ ጥበቃ የላቸውም። ድርጅቱ የቤት ሠራተኞችን ስምምነት፣ ቁጥር 189ን፣ ያጸደቀው በሰኔ 2003 ነው። አገራችን እስካሁን አልተቀበለችውም። እንድትቀበለው እፈልጋለሁ። ያ ደንብ እንዲወጣም እፈልጋለሁ፤ ሲወጣ ደግሞ ተመላላሿንና በመተግበሪያ የምትላከውን እንዳይረሳ።

አሠሪ የሆናችሁ የምታስቡትን አውቃለሁ። «እኔስ ደሞዝተኛ አይደለሁ? አስተማሪ ነኝ፣ ነርስ ነኝ፤ ኑሮው ሽቅብ ወጥቷል፤ ከየት አምጥቼ?» እውነት ነው። እሷ ቤት ባትኖር እናንተም ሥራ መግባት አትችሉም። ስርቆትም ያጋጥማል፤ ተያዥ የተጀመረው በከንቱ አይደለም። ግን ገንዘብ የማይጠይቀውን እንይ። ደሞዝ በቀኑ መስጠት ገንዘብ አይጨምርም። አለመሳደብ ገንዘብ አይጨምርም። በሳምንት አንድ ቀን ማሳረፍ የቤተሰቡን እጅ ይጠይቃል እንጂ ብር አይጠይቅም። ከ15 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ «ላስተምርሽ» ብሎ ለሥራ አለማምጣት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ደላሎችና ቻናል የምትመሩ ወጣቶች እዚህ እንዳላችሁ አይቻለሁ። እናንተን የምለምነው ቀላል ነው። የእሷን መታወቂያ ስትይዙ የአሠሪውንም ያዙ፤ የፋይዳ መታወቂያ ሁሉም ጋ እየገባ ነው። ሥራ በገባች ቀን ፎቶዋን አውርዱ። ለቤቱም ኮከብ ይሰጠው፤ ቀድማ የወጣችው ልጅ ስለ ቤቱ ትጠየቅ። ለማታውቁት ቤት የምትላክ ተመላላሽ ስትገባና ስትወጣ የምትደውልለት አንድ ሰው ይኑራት።

ተያዥ ከየት ይምጣ ካላችሁ ደግሞ እኛ ወሎዎች ቅሬ አለን፤ ሌላው እድር የሚለው ነው። ቅሬው ቤቱን ያውቀዋል። ማን ጠጪ ነው፣ ማን እጁን ያነሳል፣ ማን ደግ ነው፣ ሁሉም በቅሬው ይታወቃል። አዲስ ሠራተኛ የገባችበትን ቤት ለቅሬው ዳኛ ማሳወቅ ምን ይከብዳል? ሰው ሲሞት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ሁሉም ይወጣል። ይህን ያህል መዋቅር ያለው ሕዝብ ማድ ቤት የምትተኛ ልጅን መጠየቅ አያቅተውም። እኛ ሰፈር ይህን ሐሳብ አንስተናል። ሽማግሌዎቹ ገና አልተስማሙም። «የሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንገባለን» ብለዋል። እኔ አሁንም እየጠየቅኋቸው ነው።

አንቺ ሠራተኛዋ ደግሞ፣ አብሽሪ። ደሞዝሽ በቴሌብር ይግባ በይ። መልእክቱን አታጥፊው። የገባሽበትን ቀን ጻፊ፤ መጻፍ ካልቻልሽ ጓደኛሽ ትጻፍልሽ። ችግር ከገጠመሽ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ብቻሽን አይደለሽም።

ሰዓቴ ደርሷል። አንድ ነገር አሳይቻችሁ ልቀመጥ። ይህ ወረቀት ከልጅ ደብተር የተቀደደ ነው። ጎረቤቴ ነርስ ናት። ባለፈው መስከረም አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥር ሁለቱን ቤቴ ጠርቼ ቡና አፈላሁ፤ ውል እንጻፍ አልኩ። ደሞዙን ጻፍን፣ ወር በገባ በአንደኛው ቀን። እሁድ ዕረፍት ጻፍን። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሥራ የለም ብለን ጻፍን። ከታመመች ሕክምናዋ በአሠሪ። ቶናው ሲቀዳ ወደ ልጅቷ ዞርኩና «አንቺስ የምታስጨምሪው አለ?» አልኳት።

ዝም አለች። ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። እኛም ዝም አልን። ከዚያ በቀስታ «የምተኛበት በር፣ መቀርቀሪያ ይኑረው፣ ከውስጥ» አለች።

እስክሪብቶው እኔ እጅ ነበር። መጻፍ አቃተኝ። ጎረቤቴ ተቀብላኝ ራሷ ጻፈችው፤ ይኸው፣ የመጨረሻው መስመር የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው። በማግስቱ አናጢ መጣ።